ሦስተኛው ረድፍ

ሰኞ 4

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። የድሮው ስላለቀ አይደለም፤ አባዬ ሻይ ደፋበት። «ምን ላይ ነው የፈሰሰው?» ሲለኝ «ምንም ላይ» አልኩትና እርጥቡን ደብተር በቀሚሴ ጫፍ አበስኩት። ያየ ይመስል ፊቱን ወደኔ አዞረ። ቀኝ ዓይኑ አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ግራው ከጠፋ ቆይቷል።

አዲስ ትምህርት ቤትም ደረሰኝ። የኔ ሥራ የሳይንስ መምህራን ተማሪዎቻቸውን በእውነተኛ ችግር ላይ እንዲያከራክሩ ማገዝ ነው፤ መልሱ ከመጽሐፉ ጀርባ ባልታተመ ችግር ላይ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮው አስቀመጠኝና፣ «እኛ ቁጭ ብለን ገልብጠን ነው የተማርነው። ምን ጎደለብን?» አለኝ።

«እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?» አልኩት።

ሳቀ። ከጥርስ ያላለፈ ሳቅ ነበር።

የተመደበልኝ ወጣት የባዮሎጂ መምህር ነው። የሙከራ ጊዜው በዚህ መንፈቅ ያልቃል፤ ርዕሰ መምህሩ ክፍል ገብቶ ይገመግመውና ወይ ይቀጥላል ወይ ይሰናበታል። የጥቁር ኮቱ እጅጌ ሁልጊዜ ነጭ ስለሆነ ተማሪዎቹ «ጠመኔ» ይሉታል። ሲያስተምር ፊቱ ወደ ሰሌዳው ነው። ጀርባው በጣም ጎበዝ መምህር ነው። ፊቱን ገና አላየሁትም።

ሐሙስ 7

የመሥሪያ ቤታችንን የመከራከሪያ ጥራዝ ይዘን ገባን። የመጀመሪያው ርዕስ በዓለም ጫፍ ስለሚቀልጥ የበረዶ ተራራ ነው። ጠመኔ አነበበ። ከኋላ አንዱ፣ «ቲቸር፣ በረዶው ፈተና ላይ ይወጣል?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጠመኔ ወደ ሰሌዳው ዞረ፤ እዚያ ምንም አልተጻፈም ነበር።

ደወል ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ አንዲት ልጅ ዴስኳን እየጎተተች ወደ ግድግዳው ስታስጠጋ አየኋት። ታስላለች፤ ደረቅ ሳል።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ከላይ እየጣለብኝ ነዋ!»

ቀና አልኩ። ኮርኒሱ ተሰንጥቋል። ዴስኳ ላይ ጥቁር ፍሬ ፍሬ ነገር ተበትኗል፤ የሌሊት ወፍ ኩስ። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ከመቼ ጀምሮ እንደሚኖሩ የሚያውቅ የለም። ሽታውን ሁሉም ለምዶታል፤ የኔ አፍንጫ ብቻ ነው እንግዳ የሆነው።

«የሚያስለኝ ይኼ ይሆን እንዴ?» ብላ ጠየቀችን። ጠመኔ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን።

ኮሪደር ላይ ስንወጣ፣ «በረዶውን ተወው» አልኩት። «ችግሩ ራሱ ጭንቅላታችን ላይ እየጣለ ነው።»

ያኔ ፊቱን አየሁት። ሲስቅ ገና ልጅ ነው።

ቅዳሜ 9

የዓይን ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። የዓይን ሞራ ነው፣ በስሏል አለች። ቀዶ ጥገናው ከአሥር ዘጠኙ ይሳካል። ካልተሠራ ደግሞ ያለችውም ብርሃን ቀስ እያለች ትሄዳለች። «ያላቸው ዓይን ይኼ ብቻ ስለሆነ ግን ግፉበት አልልም። የቤተሰብ ውሳኔ ነው። ወሩ ሳያልቅ አሳውቁኝ።»

አውቶቡስ ውስጥ አባዬ፣ «ያ አሥረኛው ሰው ማነው?» አለኝ።

ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«እኔ አውቀዋለሁ። ግራ ዓይኔ ነው» አለና ብቻውን ሳቀ። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ ዘወር ብለው አዩን።

ልንወርድ ስንል፣ «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«ውሳኔው ያንተ ነው አባዬ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለ።

እሁድ 10

በሥራዬ የማደርገውን አደረግኩ። አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍዬ በ«ሀ» ረድፍ የመሠራቱን ጥቅም፣ በ«ለ» ረድፍ ጉዳቱን ዘረዘርኩ። በትልልቁ ጻፍኩ። አሳምሬ ጻፍኩ። ወስጄ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

ወረቀቱን ዳሰሰው፤ ጫፉን በጣቶቹ ፈተነው። «ጥሩ ወረቀት ነው» አለኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለማያይ ሰው ጽሑፍ! ይቺ ናት የመምህራን አማካሪ!

ቀማሁትና ጮክ ብዬ አነበብኩለት። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሠሪ ነበር፤ የቆመ ሰዓት ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማኝ። ሲያልቅ፣ «ሦስተኛው ረድፍስ?» አለ።

«ምን ሦስተኛ አለው?»

«አንቺ ያለሽበት ነዋ።»

«አባዬ፣ እኔ ካልኩህማ ያንተ ውሳኔ መሆኑ ቀረ።»

አልተከራከረኝም። የግድግዳውን ሰዓት በዳበሳ ሞላውና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ግራ ዓይኑ ቀዶ ጥገና በተደረገለት ጊዜ «ይሁን» ያለችው እማዬ ነበረች። ዓይኑ አመረቀዘና ጠፋ። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ብርጭቆ እንኳ ራሱ እንዲያነሳ አልፈቀደችለትም። እሱ አንድ ቀን ወቅሷት አያውቅም። እሷ ግን ወጥ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ ታለቅስ ነበር፤ ውሃው ድምፅዋን የሚሸፍን እየመሰላት። ስለዚህ ነገር መጻፍ አልፈልግም።

ማክሰኞ 12

የመምህራን ማረፊያ በር ላይ ስደርስ ከውስጥ፣ «ምን-ይመስላችኋል መጥታለች?» ሲባል ሰማሁ። አንዷ፣ «ኧረ ገና ናት፤ ወንበራችሁ ላይ ተረጋግታችሁ ተቀመጡ፣ ስትመጣ ምን እንደሚመስላችሁ ትጠይቃችኋለች» አለች። ሳቁ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ገባሁ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ደብተር ማረም ጀመሩ።

አልከፋኝም። ትንሽ ከፋኝ።

ከሰዓት ከጠመኔ ጋር ባዶ ክፍል ውስጥ ተለማመድን። ሰሌዳውን ከጀርባው አድርጎ ባዶ ዴስኮቹን እንዲያናግር አደረግኩት። ላቡ ጠብ ጠብ አለ።

«ቢጠይቁኝና ባላውቀውስ እትዬ?»

«'አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ' በላቸው።»

«ይንቁኛል።»

«ያመኑህ እንደሆነስ?»

እያሰበ ጠመኔውን በእጁ ፈጨው። ከዚያ ባዶዎቹን ዴስኮች፣ «አላውቅም» አላቸው። ደግሞ ጮክ ብሎ፣ «አላውቅም!» የጽዳት ሠራተኛዋ በመስኮት ብቅ ብላ አየችንና መጥረጊያዋን ይዛ ቀስ ብላ ሄደች። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ይኼ ልጅ እንዲያልፍ እፈልጋለሁ። ከሥራዬ በላይ እፈልገዋለሁ።

ዓርብ 15

ክርክሩ ረቡዕ ነው። ጠመኔ እንቅልፍ አጥቶ አንብቧል። ሐቆቹን ለየን፦ የሌሊት ወፎቹ በየምሽቱ ትንኝና ተባይ ይለቅማሉ፤ የደረቀ ኩስ አቧራው ሲተነፈስ ሳንባ ሊያሳምም ይችላል፤ በእጅ መንካት አደገኛ ነው። ከዚያ አንድ ወረቀት ከኪሱ አወጣ።

«ይኼንንም አገኘሁ። ወቅቱ የሚወልዱበት ነው። እናቶቹ ሲመሽ ለአደን ሲወጡ ልጆቻቸውን ትተው ነው የሚሄዱት፤ ልጆቹ ገና መብረር አይችሉም። ልንገራቸው?»

አሰብኩበት። እውነቴን ነው፣ አሰብኩበት። «ይኼን ከሰሙ ልባቸው ይራራል» አልኩት። «ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። የኛ ሥራ ሚዛኑን መያዝ እንጂ መጫን አይደለም።»

«ግን እኮ እትዬ...»

«መምህር አቋሙን ይደብቃል ተባብለናል አይደል?»

«አቋሜ አይደለም እኮ» አለ። ከዚያ ተወው። ወረቀቱን አጥፎ ኮቱ ኪስ ከተተው። አማካሪዋ እኔ ነኝ፤ ምን ይበል?

ዝም አይነቅዝም።

ረቡዕ 20

ምን ዓይነት ቀን ነበር!

ወገን የያዙት በዕጣ ነው፤ ማንም የልቡን እንዲናገር ሳይሆን የደረሰውን እንዲከራከር። ሳል ላለባት ልጅ የደረሳት «ይቆዩ» ነበር። ብድግ አለችና፣ «እየሳልኩ የምከራከርላቸው እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ስሙኝ!» አለች። ሰሟትም። ትንኝ ቆጠረችላቸው፣ ወባን አነሳች፣ «ባለቤቶቹ እነሱ ናቸው፣ እኛ ተከራዮች ነን» አለች። ከወዲያኛው ወገን የተነሳው ደግሞ፣ «ታዲያ ኪራዩን በሳንባሽ ነው የምትከፍይው?» አላት። ጠመኔ ከሰሌዳው ርቆ ክፍሉ መሃል ቆሞ ነበር። ፊቱን ለሁሉም ሰጥቶ።

ከዚያ ያ ስለ በረዶው ፈተና የጠየቀው ልጅ እጁን አወጣ። «ለምን እንገድላለን? ለምንስ እንታመማለን? ማታ ሲወጡ ቀዳዳውን እንድፈነው። ሲመለሱ ሌላ ቤት ይፈልጋሉ። ማንም አይሞትም።»

ጭብጨባው! የሁለቱም ወገን እጅ ወጣ። ያቺ ልጅ ሁለቱንም እጇን አወጣች። ርዕሰ መምህሩ ለካ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «ይኼማ ውሳኔ ነው! አናጺው እሁድ ይመጣል» አለ። የዛሬው ሳቁ ከጥርሱ አልፎ ዓይኑ ደረሰ።

ጠመኔ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ እኔን ፈለገኝ። እጁን ኮቱ ኪስ ከተተ፤ ባዶውን አወጣው። ፈገግ አልኩለት።

ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ የማን ወገን እንደነበርኩ ጠየቀኝ። «የማንም» አልኩት።

«አሃ» አለ። «ወፎች መጥተው የሌሊት ወፏን ግብር ክፈይ ሲሏት 'እኔ አይጥ ነኝ፣ ጥርሴን እዩ'። አይጦች መጥተው ክፈይ ሲሏት 'እኔ ወፍ ነኝ፣ ክንፌን እዩ' አለች። የሌሊት ወፏን ይዘሽ ትምህርት ቤት የሄድሽው አንቺ ነሽ ወይስ እሷ ናት አንቺን ይዛ የሄደችው?»

እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ፣ «ወሩ እየተገባደደ ነው» አለኝ።

«ያሰብከው አለ?»

«አንቺ ያሰብሽው አለ?»

«ውሳኔው...»

«እሺ፣ እሺ» አለና ሬዲዮኑን ከፈተ።

እሁድ 24

ጠመኔ ደወለ። አናጺው ከመሸ በኋላ፣ ወጥተው ሲያልቁ፣ ቀዳዳዎቹን በወንፊት ሽቦና በቆርቆሮ ደፈናቸው። አለቀ።

«ጥሩ ነው አይደል?» አልኩት።

«ደህና እደሩ እትዬ» አለኝ።

ጥሩ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ወሰኑ።

ሰኞ 25፣ በዕረፍት ሰዓት

ኮርኒሱ ይጮኻል። ቀጭን ድምፅ፣ ብዙ። መጻፍ አልችልም።

ሰኞ 25፣ ማታ

በሥርዓት ልጻፈው።

ጠዋት ስደርስ ተማሪዎቹ ግቢው ውስጥ ቆመው ወደ ጣሪያው ያያሉ። በጠራራ ፀሐይ፣ መተኛት በነበረባቸው ሰዓት፣ የሌሊት ወፎቹ ሽቦው ላይ ተንጠልጥለዋል። ሽቦውን ይነክሳሉ። አንዷ ስትወድቅ ሌላዋ ትተካለች። የሚፈልጉት ሌላ ቤት አልነበረም።

ክፍል ገባን። ድምፁ ከላይ ይመጣል። ያቺ ልጅ ዴስኳን ወደ ድሮ ቦታው፣ ወደ ስንጥቁ ሥር መልሳ ነበር፤ ችግሩ ተፈቷል ብላ። ደብተሯን እንደዘረጋች አንድ ነገር ጠብ አለባት። ከአውራ ጣት አይበልጥም። ፀጉር እንኳ በቅጡ አላወጣም። ገጹ ላይ አፉን ከፍቶ ይፈልጋል።

እጇን ስትዘረጋ ጠመኔ፣ «እንዳትነኪ!» ብሎ በወፍራም ጨርቅ አነሳው። እንደ ጋቢ ሊያሞቀው ይመስል ጨርቁን አጣጥፎ ያዘው። ልጅቷ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች፤ ቀጥላ እሱን።

«ቲቸር፣ ልጆች እንዳላቸው ታውቅ ነበር?»

ወደ ሰሌዳው ይዞራል ብዬ ነበር። አልዞረም። «አውቅ ነበር» አለ። «ያልነገርኳችሁ እኔ ነኝ።»

እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። እዚያው እንደቆምኩ ርዕሰ መምህሩ መጥቶ ጠርቶት ወጣ፤ እኔም እንደ ግንድ ቆሜ ቀረሁ። ያችን ቅጽበት ልዝለላት ብዬ ነበር፤ ግን ደብተር የሚያዘው ለምን ሆነና?

ተከትያቸው ሄድኩ። በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ። «ሊነግራቸው ፈልጎ ነበር፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ከአንዳችን ወደ አንዳችን አየ። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ። ምን ይመስልዎታል አላልኩም። «አሁኑኑ አናጺውን ይጥሩልን። ሲመሽ እናቶቹ እንዲገቡ ሽቦው ይነሳ። ልጆቹ እስኪበሩ ክፍሉን እንልቀቅ» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

ለተማሪዎቹም ተመልሼ ነገርኳቸው። «እንዳታዝኑላቸው ብዬ ነው። ሳታዝኑ እንድትወስኑ።»

ሳል ያለባት ልጅ ደብተሯን አልዘጋችም። «እኛ እኮ ሳናዝን አይደለም የወሰንነው» አለችኝ። «ሳናውቅ ነው።»

ይኼው ነው። አስተያየትን መደበቅና ሐቅን መደበቅ አንድ መስሎኝ ነበር። ስንት መምህር አሠልጥኛለሁ በዚህ አፌ።

ሲመሽ ማንም ቤቱ አልሄደም። አናጺው መሰላሉን አቆመ፤ ጠመኔ ሥሩን ያዘ። አናጺው ያንን ትንሹን በጨርቅ ይዞ ወጣና ወደ ቀዳዳው አፍ መለሰው። ሽቦው ሲነሳ እናቶቹ በአናጺው ጆሮ ሥር እያለፉ ገቡ። ከገቡት መካከል ልጃቸውን በሕይወት ያላገኙ አሉ፤ ጠዋት ሞተው የሚወርዱ ይኖራሉ። ድምፁ ግን ቀስ በቀስ በረደ፣ ጡት እንደያዘ ሕፃን። ስለ በረዶው የጠየቀው ልጅ ፊቱን በሹራቡ ሸፍኖ ያለቅሳል፤ «ማንም አይሞትም ያልኩት እኔ ነኝ» ይላል። ጠመኔ አቀፈው። ሹራቡ ላይ የጠመኔ እጅ አሻራ ቀረ።

ርዕሰ መምህሩ ከጎኔ ቆሞ፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለ። ለኔ ይሁን ለራሱ አላወቅኩም።

ማክሰኞ 26

አባዬ ትናንት እንዳለቀስኩ ያውቃል። አልጠየቀኝም። እኔ ደግሞ ውሃ አልከፈትኩም።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የድሮ መሣሪያዎቹን ሣጥን ጭኑ ላይ አድርጎ አገኘሁት። ወረንጦውን፣ ማጉያ መነፅሩን፣ ጥቃቅኖቹን መፍቻዎች አንድ በአንድ እየዳሰሰ ይደረድራል። ጫማዬን ሳላወልቅ ፊቱ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ሦስተኛውን ረድፍ ልንገርህ?»

ወረንጦውን አስቀመጠ።

«እንዲሠራልህ እፈልጋለሁ። እነዚህን ነገሮች ስትዳብስ ማየት አልችልም። እፈራለሁ፤ በጣም ነው የምፈራው። ባይሳካ 'ይሁን' ያልኩት እኔ እሆናለሁ። እንደ እማዬ።»

ሣጥኑን ወደ ጎን አደረገው።

«እናትሽ» አለ፣ «ያን ቀን 'ይሁን' ባትለኝ ኖሮ ብቻዬን ነበር የምገባው። እስከ በሩ እጄን ይዛኝ ነበር። ዓይኔ ጠፋ፤ ብቻዬን ግን አልጠፋብኝም። ይኼን ስንቴ ነገርኳት መሰለሽ! አልሰማ አለችኝ። አንቺም የሷ ልጅ ነሽ፣ ምን ይደረግ።»

«ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?»

«ዝምታውማ አይነቅዝም። የሚነቅዘው ሰውየው ነው።»

እጁን ዘረጋ፤ ያዝኩት። ወረንጦ የያዘበት ጣት አሁንም ጠንካራ ነው።

«እኔም እፈራለሁ» አለኝ። «ግን ይሠራ። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ቢጠፋ እንደሷ ብርጭቆዬን የምትሸከሚልኝ ከሆነ ከወዲሁ ይቅር።»

«አልሸከምልህም።»

«ማይልኝ።»

ማልኩለት።

ዓርብ 29

ለሐኪሟ ደወልኩ። በሚቀጥለው ወር 12፣ ሐሙስ።

ክፍሉ በረንዳ ላይ ወጥቷል። ነፋሱ ወረቀት ይወስዳል፣ የጎረቤት ክፍል ተማሪ በመስኮት አብሮ ይከራከራል። ጤና ባለሙያ ልጅቷን አይታታለች፤ ሳሉ ከኩሱ ይሁን ከሌላ ገና አልታወቀም፣ መድኃኒት ሰጥታታለች። ጠመኔ ይኼንንም ለክፍሉ ነገራቸው፦ «አናውቅም። ስናውቅ እነግራችኋለሁ።» አሁን በሰሌዳው ላይ ሦስት ረድፍ ነው የሚያሰምሩት፦ የምናውቀው፣ የማናውቀው፣ የሚሰማን። የሚሰማቸው ከሌላው ተለይቶ ይጻፋል እንጂ አይደበቅም። የኔ ሐሳብ አይደለም፤ የነሱ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ጥራዝ ግን እኔ በእርሳስ ማረም ጀምሬያለሁ።

ልጆቹ ክንፍ አውጥተው እስኪበሩ ይጠበቃል፤ ከዚያ ይደፈናል። ከኮርኒሱ ሲወጡ ቤት የሚሆናቸው የእንጨት ሣጥን ከአናጺው ጋር እየሠሩ ነው፤ ለበሩ ስፋት ተጣልተው ታርቀዋል።

ማክሰኞ 3፣ አዲስ ወር

ግምገማው ዛሬ ነበር። በረንዳው ላይ ርዕሰ መምህሩ የተማሪ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠ። እኔ ጥፍሬን በላሁ። ጠመኔ ሰሌዳውን አንዴ ብቻ ነው የነካው፤ እሱንም ነፋስ ሊጥለው ሲል።

መሃል ላይ ሳል ያለባት ልጅ ተነሳችና፣ «ቀድሞ ሲነገራቸው ያልሰሙ ሰዎችና ሳይነገራቸው የወሰኑ ሰዎች፣ ጥፋታቸው እኩል ነው?» ብላ ጠየቀች። ጠመኔ፣ «አላውቅም። እኔ የሚሰማኝ እኩል እንዳልሆነ ነው፤ እናንተ ልታፈርሱት ትችላላችሁ» አላት። ልጅቷ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረች። «እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?»

ርዕሰ መምህሩ ዓይኑን ወደኔ ወረወረ። ከዚያ ኮቱን አስተካክሎ መለሰላት። ሲያስረዳት ሲያስረዳት ደወል ተደወለ፤ አልሰማውም።

ግምገማው ላይ የጻፈው ይኼን ብቻ ነው፦ «ጩኸት ይበዛበታል። ይቀጥል።»

ጠመኔ ኮሪደር ላይ አቅፎ ሊያነሳኝ ምንም አልቀረውም። ቀሚሴ ጀርባ ላይ ነጭ ቀርቷል፤ አላራገፍኩትም።

ሐሙስ 12

ሐኪም ቤት፣ መጠበቂያው ወንበር ላይ። እስከ በሩ እጁን ይዤው ነበር። «እዚህ ጋ ልቀቂኝ» አለኝ። ለቀቅኩት። እየገባ ለነርሷ፣ «ልጄ ናት 'ይሁን' ያለችው» አላት፣ እንደ ጉራ።

በሩ ተዘጋ። እጄ አሁንም የሱን እጅ ሙቀት ይዟል።

ዓርብ 13

ሐኪሟ ፋሻውን ቀስ ብላ ፈታች። አባዬ ዓይኑን አልከፈተም። «ይክፈቱት» ስትለው፣ «ቆይ፣ አትቸኩዪ» አላት። ከዚያ ከፈተው። እንባ ሞላው፤ ጠብታውም ይሆናል።

መጀመሪያ ግድግዳውን አየ። «ይኼ ሰዓት ቆሟል» አለ። ሐኪሟ ዞር ብላ አየችው፤ እውነትም ቆሟል። እኔና እሷ እኩል ጮኽን።

ከዚያ ወደኔ ዞረ። ትኩር ብሎ አየኝ፤ ብዙ። ፊቴን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

«ሸብተሻል» አለኝ። «ማንም አልነገረኝም።»

«ይኼ ሐቅ ነው ወይስ አስተያየት?» አልኩት።

«ሐቅ ነው።» እጁን ዘርግቶ፣ ሳይዳብስ፣ ቀጥ ብሎ ፀጉሬ ላይ አሳረፈው። «አስተያየቴን ከፈለግሽ ደግሞ፣ ያምርብሻል።»

ጠመኔ ከሰዓት ደውሎ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ትናንት ማታ በረዋል፤ አንዱ ሰሌዳውን ገጭቶ ተመልሶ ገባ ብሎ ሳቀ። ለአባዬ ስነግረው አንድ ቀን ምሽት ወስደሽ አሳዪኝ አለኝ።

አሁን መሽቷል። ሻዩን ራሱ ቀዳ። ዓይኑ ገና ርቀቱን በደንብ ስላልለመደ ጥቂት ደብተሬ ላይ ፈሰሰበት። ነገርኩት።